የኮሪደሩ ካዝና

«እህቴ ታውቀዋለች።»

ሁለት ቃል ናት፤ ውሸትም የለባትም። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ዓሣ አጥንት ካዝና ጉሮሮ ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች፤ አትወርድ፣ አትወጣ። የተናገረችው ባዳ ብትሆን ኖሮ ካዝና ያኔውኑ ተሳድባ፣ አፏን ተጉመጥምጣ በተገላገለች ነበር። የተናገረችው ግን ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት፣ ራሷ አምስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን አስቀምጣ የሰው ልብስ እያጠበች ያስተማረቻት፣ ተምራም ኃላፊ የሆነችላት እህቷ። እንዲህ ያለችው ስትበድል ለማን አቤት ይባላል?

ካዝና እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ስም ነው። በቤቶችና ቦታ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ናት። ደብዳቤ ታደርሳለች፣ ፋይል ታመጣለች፣ ማኅተም ታስመታለች፤ በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዞር አንድ ጣጣ መጣ። ፓስወርድ በየወሩ ይቀየር ተባለ። ቁጥርም፣ ፊደልም፣ ምልክትም ይኑረው፤ ያለፈው አይደገም፤ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ። የንብረት ክፍሉ ሹም ከኪቦርዱ ሥር ለጥፎ ተገኘና የአሥር ቀን ደመወዙ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ መጻፍ ፈራ፤ ማስታወስ ደግሞ አቃተው። ወር በገባ ቁጥር ግማሹ ሠራተኛ የገዛ ማሽኑ ተዘግቶበት እጁን አጣጥፎ ይውላል። ታዲያ አንድ ቀን ታናሽ እህቷ፣ የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለችና «እታለም፣ አንቺ አንዴ የሰማሽውን አትረሺም። እባክሽ ይቺን ያዥልኝ» አለቻት። ያዘችላት። በሳምንቱ ገንዘብ ያዥዋ መጣች። ዓመት ሳይሞላ አሥራ አራት ሰው ፓስወርዱን እሷ ጋ አስቀመጠ፤ ስሟም ካዝና ሆኖ ቀረ።

አለመርሳቷ ተአምር አይደለም። ደብዳቤ እንደምታድልበት መደርደሪያ ጭንቅላቷ ውስጥ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሳጥን አላት። ወር ሲገባ አሮጌውን አውጥታ ትጥላለች፣ አዲሱን ታስገባለች፤ በቃ። የአንዱን ለሌላው መንገር ግን ሞቷ ነው። የንብረት ክፍሉ ሹም ፓስወርድ የሴት ስም አለበት፤ የሚስቱ ስም ግን አይደለም። ሚስትየው በየሳምንቱ መጥታ ካዝና አጠገብ ትቀመጣለች፣ ወሬ ትወዳለች፤ ካዝና ስለ ዘይት መወደድ ብቻ ታጫውታታለች።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው በእህቷ ፓስወርድ ገብቶ የሦስት ቤቶችን ባለቤት ስም ቀየረ። መርማሪዎች መጡ። «ካንቺ ሌላ ይህን ፓስወርድ የሚያውቅ አለ?» ሲሏት እህቷ «እህቴ ታውቀዋለች» አለች። እዚያ ላይ አቆመች። «ያዥልኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ» የምትለዋ ቀረች። ሌሎቹ አሥራ ሦስቱማ ትንፍሽም አላሉ። ካዝና ሦስት ቀን ስትጠየቅ ከረመች፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ሁለት ዓመት ጭማሪ ታገደባት፣ ጠረጴዛዋም ማሽኖቹ ካሉበት ክፍል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ተጣለ። በሁለተኛው ወር ጥፋቱ ከሌላ ቅርንጫፍ እንደመጣ ታወቀ፤ እዚያ ያለ አንድ ሠራተኛ ነው የእህቷን ፓስወርድ ገምቶ የገባው። ሰውየው ታሰረ። ደብዳቤው ግን ከካዝና ፋይል አልወጣም፤ ጠረጴዛውም ከኮሪደር አልተመለሰም። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ፣ ወሩ ሲገባ አሥራ አራቱም እንደልማዳቸው ተራ በተራ ኮሪደር መጥተው አዲሱን በጆሮዋ ነገሯት። እህቷም ጭምር። ካዝናም ተቀበለች።

ይህ ሁሉ ከሆነ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁለቱ እህትማማቾች ከግቢያቸው ቧንቧ ሥር ተገናኙ። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ አንዷ ስታስል ሌላዋ ትሰማለች። ጨው ይበዳደራሉ፣ የልጅ ትኩሳት በእጃቸው ጀርባ ይለካካሉ፣ የኪራይ ጭማሪ ሲመጣ አብረው አከራዩን ይለምናሉ። ስለዚያች ነገር ግን አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እህቷ ያን ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብሷን ተኩሳ ለብሳለች፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም አለ።

«ዳቦ ሃያ ገባ አሉ፣ እታለም።»

«ገባ። መጠኑም አንሷል።»

«ቆንጆ ሆኛለሁ?»

«አንገቱ ጋ ክር አለ» አለች ካዝና፤ በጥርሷ በጠሰችላት።

መልበሷ ያለ ነገር አልነበረም። የክልሉ መንግሥት በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሺህ የሳይበር ደህንነት ሠራተኛ አሰለጥናለሁ ብሎ ተነስቷል። የሆስፒታሉ ካርድ፣ የውሃ ቢሉ፣ የቤቱ ካርታ ሁሉ ማሽን ውስጥ ገብቶ ጠባቂ የለውም ተባለ። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ አንድ ሰው ለዘጠኝ ወር ስልጠና እንዲልክ ታዘዘ፤ ከዚህኛው ጽሕፈት ቤት የታጨችው የካዝና እህት ናት። ዛሬ አሰልጣኝ መጥታ ሠራተኛውን ታስተምራለች፣ እጩዋንም አይታ ታጸድቃለች። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ይህንኑ ሲያወራ ሾፌሩ «አይ ጊዜ! ድሮ ሌባ ሰርቆ ይሮጥ ነበር፤ ዛሬ ቁጭ ብሎ እግሩን አነባብሮ ሆነ» አለና ተሳፋሪው ሳቀ። እህቷ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በመስኮት ታይ ነበር። ካዝና ለአፍታ እጇን ልትይዝላት ቃጣት፤ እህቷ ፈተና በሚሆንባት ቀን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትሆነው። ከዚያ ደግሞ ያቺ ሁለት ቃል ትዝ አለቻትና ፊቷን መለሰች።

አሰልጣኟ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያዘለች ልጅ ናት። ካዝና ወንበር ተሸክማ ወደ አዳራሹ ስትገባ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «አንቺን አይመለከትም፣ ስልክ ጠብቂ» ብሎ መለሳት። እሷም ኮሪደሯ ላይ ተቀመጠች፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ትሰማለች። አሰልጣኟ ስለ ሌቦች አወራች፤ አብዛኛው ሌባ ማሽን ሰብሮ ሳይሆን ሰው አታሎ እንደሚገባ ተናገረች። «የተሳሳተ ሰው አያስፈራንም። የሚያስፈራን ስህተቱን የሚደብቅ ነው» አለች። ለቀለም ሰው ብቻ የሚሆን ሥራ እንዳልሆነም ነገረቻቸው፤ ከዘጠኝ ወሩ ሌላ የአራት ወር አጭር ኮርስ እንዳለ፣ ለእሱ የትምህርት ማስረጃ እንደማይጠየቅ፣ ፈተና ያለፈ ሁሉ እንደሚገባ፣ ቅጹም ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚሰበሰብ። ከዚያ ጠየቀች፦

«እስቲ፣ ፓስወርዱን ለሌላ ሰው ነግሮ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።»

አንድ እጅ አልወጣም። ካዝና ኮሪደር ላይ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡባት።

«ጎበዞች» አለች አሰልጣኟ። «እንግዲያው አሁኑኑ በየክፍላችሁ ሄዳችሁ ቀይሩ። ለማንም እንዳትናገሩ።»

ሰዉ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የንብረት ክፍሉ ሹም ግራ ቀኝ አይቶ ካዝና ጋ ጠጋ አለና ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከ። የሴቷ ስም ተቀይሯል፤ አሁንም ግን የሚስቱ አይደለም። ገንዘብ ያዥዋ ቀጠለች። ከኋላዋ ሌላ ቆመ፣ ከሌላው ኋላ ሌላ። ሰልፍ ሆነ። ስድስት ሰው ነግሯት ካለፈ በኋላ ካዝና ቀና ስትል ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ፊቷ ቆሟል። እህቷ ጎንበስ ብላ አፏን ልትከፍት ስትል ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው እዚህ የሚታደለው?»

አሰልጣኟ ናት። መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ወጥታ ነው። ሰልፈኛው እንደ ተማሪ ደነገጠ። ከኋላ የቆመ አንዱ «ውሃ ልንጠጣ» አለ። ውሃ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። አሰልጣኟ ሰልፉን አየች፣ የካዝናን ጆሮ አየች፣ ገባት። በዚህ መሐል ኃላፊው ደረሰ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«አሁንም አንቺ! ያን ጊዜ ያደረስሽብን አይበቃም? ይህቺ ሴት እኮ» አለ ወደ አሰልጣኟ ዞሮ፣ «ማስጠንቀቂያ ያለባት ናት።»

ካዝና ዓይኗን እህቷ ላይ ጣለች። የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ያ «የለመንኳት እኔ ነኝ» የሚል ቃል። እህቷ ከጫማዋ ጫፍ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች አሰልጣኟ። «እሳቸው ናቸው ወደ እናንተ የመጡት፣ ወይስ እናንተ ናችሁ ወደ እሳቸው?»

ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ካዝና ከገዛ እህቷ አፍ የጠበቀችውን የማታውቃት ባዳ ተናገረችው። ደስ አላት፤ ደግሞም ከፋት።

«የስንት ሰው ፓስወርድ ይዘዋል፣ እናቴ?»

«የአሥራ አራት።»

«እስቲ አንዱን ይንገሩኝ።»

«እሱስ አይሆንም።»

«ንገሪያት እንጂ!» ኃላፊው ጮኸ። «ትእዛዝ ነው!»

«ጌታዬ» አለች ካዝና ቀስ ብላ፣ «የእርስዎም አለበት እኮ።»

መጀመሪያ ገንዘብ ያዥዋ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ኮሪደሩ ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው ስልኩ የጠራ መስሎ ኪሱን እየዳበሰ ወደ ቢሮው ገባ፤ ሰልፈኛውም በየክፍሉ ተበተነ። እህቷ መጨረሻ ሄደች።

ከምሳ በኋላ አሰልጣኟ ወንበር ጎትታ ከካዝና ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ ጠየቀቻት። እንዴት እንደምትይዘው፣ ተናግራ ታውቅ እንደሆነ፣ ማን መጀመሪያ እንዳመጣው። ካዝና የመጨረሻውን ጥያቄ ዘለለችው። ልጅቷም አልጨቀጨቀቻትም። ይልቅ አንድ ነገር ፊት ለፊት ነገረቻት፦ መያዟም ስህተት ነው፤ አንድ ክፉ ሰው ካዝናን ቢያስፈራራት ወይም ቢያታልላት የከተማው ቤት ሁሉ በአንዲት ሴት አንገት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። «አልቀበልም ማለት ነበረብዎት» አለቻት።

ካዝና ክው አለች። ሊያስቀይማት ይገባ ነበር፤ ግን ነገሩ እውነት ነው፣ ያውም አስባው የማታውቀው እውነት። አልቀበልም ማለት ይቻል ነበር እንዴ? ሃያ ሦስት ዓመት ሰው የሰጣትን ሁሉ ስትቀበል፣ ስትሸከም፣ ስታደርስ ኖራለች። እምቢ የሚባል ነገር እንዳለ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀች።

«ይቺን ይሙሉ» አለች ልጅቷ አንድ ቅጽ ዘርግታ። «የአራት ወሩ ኮርስ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እየዞሩ ሰው የሚያስተምሩ እንፈልጋለን።»

«ቀለድሽ ልጄ? እኔ ማሽኑን ማብራትም አላውቅ።»

«ማብራት በአንድ ቀን ይማሩታል። አፍ መዝጋት ግን እስካሁን ለማንም ማስተማር አልቻልንም። ደግሞ ሰው የት የት ጋ እንደሚሳሳት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ በዚህ ሕንፃ የለም።»

ካዝና ቅጹን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሙላት ጀመረች። ጽሕፈቷ ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል አቁማ፣ አይታ፣ ቀጥሎ ያለውን ትጽፋለች። ዕድሜ ሃምሳ ሁለት። የትምህርት ደረጃ አምስተኛ። ሳታመነታ ጻፈችው፤ ምን ያሳፍራል? ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ስክሪብቶዋ ቆመ። «ከዚህ በፊት የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዶብዎት ያውቃል? ካለ ምክንያቱ ይገለጽ።» ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር። የለም ብትል ፋይሏ ይታያል፤ አለ ብትል ማን ያምናታል? የራስን ነገር ራስ ሲጽፈው ሁልጊዜ ልመና ይመስላል። ሁለቱን መስመር ስታይ ቆየች። ከዚያ ተነሳች።

የመዝገብ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ እግሯ እንደልማዱ ሊቆም አለ፤ ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ፋይል የምታቀብለው ከደጃፍ ሆና ነው። አልቆመችም። ገባች። እህቷ ብቻዋን ነበረች፣ ማሽኑን አብርታ አንዲት ፊደል ሳትነካ ተቀምጣለች። ካዝና ቅጹን ፊቷ ዘረጋችና በጣቷ ስምንተኛውን ጥያቄ ነካች።

«ይቺን መልሺልኝ።»

እህቷ አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን።»

«እታለም፣ ዛሬ እኮ ስሜ...» አለች እህቷ፤ አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልገውም። ይህን ወረቀት በገዛ እጇ ከጻፈች የዘጠኝ ወሩ ነገር ሊቀርባት ይችላል። ካዝና ይህንን ታውቃለች። ለዚህ ቀን እህቷ ስንት ሌሊት በግድግዳው ወዲያ እያነበበች እንዳነጋች ከሷ የበለጠ የሰማ የለም።

«ልጅቷ ስህተቱን የሚደብቅ ነው የሚያስፈራን ስትል ሰምተሻል» አለች ካዝና። «ይቀርብሽ ይሆናል፤ ላይቀርብሽም ይችላል። እኔ ስድስት ዓመት ችዬዋለሁ፤ አንቺ አንድ ቀን ቻይው።»

«ፈርቼ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያባርሩኛል ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ... ጊዜው ሲሄድ በምን አፌ ብዬ...»

«መፍራትሽን አይደለም የያዝኩብሽ። እኔም በሆንኩ እፈራ ይሆናል። የያዝኩብሽ ከዚያ ወዲያ ባለው ሁለት ሺህ ቀን አንድ ቀን በሬን አለማንኳኳትሽን ነው። ግድግዳ ነው ያለን እኮ፣ ባሕር አይደለም።»

እህቷ በእጇ መዳፍ ፊቷን ጠረገች። ስክሪብቶውን አነሳች። የመጀመሪያው መስመር ወዲያው ሞላ፤ ሁለተኛውም። ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባው ላይ ቀጠለች። ካዝና ቆማ ትጠብቃለች፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። እህቷ ጽፋ ጽፋ ስትጨርስ ፈረመች፤ ከፊርማዋ ሥር ሙሉ ስሟንና ማዕረጓን አሰፈረች፣ ከመሳቢያዋ ማኅተም አውጥታም መታችበት። ካዝና ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን በየመስመሩ ሥር እየጎተተች ማንበብ ያዘች። ማንም አላቻኮላትም። እህቷ ከካዝና ጣት ጋር አብራ በዓይኗ ትጓዛለች፣ ልክ በልጅነቷ የቤት ሥራዋን ስታሳያት እንደነበረው። መሃል ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይቺን 'በፈቃዷ' የምትለዋን ሰርዢ።»

«ለምን?»

«በፈቃዴ አይደለም። ለምነሽኝ ነው።»

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ሳቅ አመለጣት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ካዝና የሰማችው ያ የልጅነት ሳቋ ነው። ቃሏን ሰረዘች፤ ከላይዋ «ለምኜያት» ብላ ጻፈች፤ አጠገቧም ፈረመች።

አዳራሹ ውስጥ አሰልጣኟ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምራ ነበር። አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ጠረጴዛው ላይ የተሞሉ ቅጾች ተከምረዋል፤ አብዛኞቹ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው፣ አንዱ የዘበኛው ነው። ካዝና ገባች። እህቷ የካዝናን የእጅ ቦርሳና ነጠላ ከኮሪደር አንስታ ተከትላት መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም። ካዝና ቅጹን ክምሩ አናት ላይ አስቀመጠች፤ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ፣ የእህቷ ጽሕፈት እንዲታይ።

«ተገልብጧል፣ እናቴ» አለች ልጅቷ ልታስተካክለው እጇን እየዘረጋች።

ካዝና እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«አልተገለበጠም። መጀመሪያ እሱን አንብቢው።»